በማንሻ ሄደን በማዞሪያ ተመለስን

ለቅሶ ሊደርሱን የሚመጡ ሰዎች «ቦታው እንዴት ነው?» ይሉኛል። ሲጠይቁኝ ቃል ቶሎ አይመጣልኝም። እጀምርና አቆማለሁ። ስለዚህ ከተመለስኩ በኋላ ቁጭ ብዬ በየቀኑ የሆነውን ጻፍኩት። እማዬ ያንን አገር ከልጅነቷ ወዲህ አላየችውም፤ ከእንግዲህም አላይም ብላለች። የሰፈራችንም ሰው አብዛኛው አይሄድበትም።

ወንድሜ ዘሪሁን የሞተው ከእምድብር ወዲያ ባለ አንድ ዳገት ላይ ነው። ቆጮና ድንች ከገጠር እየጫነ ኮልፌ ላሉ ክትፎ ቤቶች ያመጣ ነበር። አብሮት የሚሠራው ጓደኛው ሽመልስ ነው። ሁለቱ መጀመሪያ አሮጌ ፒክአፕ ነበራቸው። በዚያኛው ፎርዊል ለማስገባት፣ ማለትም አራቱም ጎማ እንዲጎትት ለማድረግ፣ መጀመሪያ ወርደህ በፊት ጎማዎቹ መሐል ያለውን መቆለፊያ በእጅህ ታዞራለህ። ከዚያ ጋቢና ገብተህ ከማርሹ አጠገብ ያለችውን ትንሿን ማንሻ ትጎትታለህ። ጥርሱ ሲገባ እጅህ ላይ ይሰማሃል። ያንን ሸጠው አዲስ ገዙ። የአዲሱ ፎርዊል በኤሌክትሪክ ነው። መውረድ የለም፣ ማንሻም የለም። ዳሽቦርዱ ላይ የጠርሙስ ክዳን የምታህል ማዞሪያ አለች። ስታዞራት አንዲት አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ፎርዊሉ ከገባ መብራቷ ረግታ ትበራለች። በቃ ይኸው ነው።

ሽመልስ የነገረን እንዲህ ነበር። ዘሪሁን መሪ ላይ ነበር። ዳገቱ ጭቃ ነበር። ማዞሪያዋን አዞረ፣ መብራቷ ግን ብልጭ ድርግም እያለች አልረጋም አለች። መኪናው ተንሸራተተ፣ ዘሪሁን ተመታ። «ኤሌክትሪኩ ነው የገደለው» አለን።

ይህ ወሬ ኮልፌ ውስጥ ብዙ ቤት ገባ። አስኮ መንገድ ላይ ያለ አንድ መካኒክ «እኔ ድሮም ብያለሁ፣ ማንሻ አይዋሽም» አለ። ሌላው ደግሞ «መኪና ተንሸራቶ ሹፌሩን ገድሎ አጠገቡ ያለውን እንዴት ጭረት እንኳ ሳይነካው ይቀራል?» አለ። ይህ የኋለኛው ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። እውነት ነው፣ ሽመልስ ፊቱ ላይ ጭረት አልነበረበትም።

እማዬም ሰምታለች። ሽመልስ እኛ ቤት ያደገ ያህል ነው። ከዘሪሁን ጋር ከአንድ ትሪ ነው የበሉት። ከቀብሩ በኋላ ግን ሲመጣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትጥላለች። እኔም ድሮ «ሽሜ» እለው የነበረውን ተውኩ። በስሙም አልጠራው። ያለ ስም ነበር የማናግረው።

ፖሊስ መርምሮ ጨርሷል፣ መኪናችሁን ውሰዱ ሲባል እማዬ ጠራችኝ።

«ከሱ ጋር ሂድ» አለችኝ። «ቦታውን እይ። ሰዎቹን ጠይቅ። መጥተህ አንዲት ነገር ብቻ ንገረኝ። ለአርባው ሽመልስ ቤቴ ይግባ ወይስ በሩን ልዝጋበት?»

ከዚያ ከሣጥኗ የታጠበና የታጠፈ ጋቢ አወጣች። ዘሪሁን ተጠቅልሎበት የመጣው ነው። «ይሄ የኛ አይደለም። ባለቤቱን ፈልገህ መልስ» አለችኝ።

ሐሙስ

ሸኝታን በሩን ከውስጥ ስትቆልፍ ሰማሁ። ቀጥሎ ቆርቆሮው ተንኳኳ። ገፍታ ማየቷ ነው። የእኛ ቤት ሰው ቆልፎ አያምንም። አባታችን በሕይወት ሳለ ሱቁን ቆልፎ በትከሻው ይገፋ ነበር። ዘሪሁንም መኪናውን ቆልፎ ይሄድና ተመልሶ በሩን በመዳፉ ገፋ ያደርገዋል። በዚህ የተነሳ ሰፈር ውስጥ «እነ ገፋ ገፋ» ይሉናል። እኔም ያው ነኝ።

ሽመልስ ውጭ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። በታክሲ ዓለም ባንክ ሄድን። አሮጌዋን ፒክአፕ የገዟት ነጋዴ፣ አቶ ኑሪ፣ እዚያ ናቸው። አዲሱ መኪና መንቀሳቀስ ካልቻለ መጎተቻ ያስፈልገን ነበርና ሽመልስ አሮጌዋን እንዲያውሱን ለምኗቸዋል። አቶ ኑሪ የመጎተቻ ገመድ ጭምር አዘጋጅተው ቆዩን።

«ይቺ የዘሪሁን እጅ ያሳደጋት ናት» አሉኝ፣ ኮፈኑን እየመቱ። «አይዞህ። አሮጊቷ ልጅቷን አዝላት ትመጣለች።»

እየሳቁ ነበር፣ ግን ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። አመስግኜ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየሁት። የተበላ ቦታ አልነበረውም። ለምን እንዳየሁት እንጃ። በዚያ ሰሞን ሁሉን ነገር አያለሁ።

አየር ጤናን፣ ዓለም ገናን፣ ሰበታን አለፍን። ሽመልስ ቤተ ክርስቲያን ባየ ቁጥር ያማትባል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ምን ቢኖርበት ነው አልኩ በልቤ። ሬድዮም አልከፈተም። ከእኔ ጋር ወሬ ለመጀመር ሲሞክር «እህ» ብቻ እላለሁ። እኛ ሰፈር መንገዱ ላይ ሰውና ባጃጅ ተደባልቆ ነው የሚሄደው። ከሰበታ በኋላ ሜዳው ሲከፈት ሰው ጠፋ። ከአንድ ከምትጠረጥረው ሰው ጋር ጋቢና ውስጥ ስትሆን እንዲህ ያለ ሜዳ ደስ አይልም።

ቱሉ ቦሎ ልንገባ ስንል የፊት ጎማ ተነፈሰ። ክሪኩን አወጣሁና ከጎማው ፊት ለፊት ተንበርክኬ ልሠራ ስል፣

«ከዚያ ውጣ!» አለኝ በጩኸት። «ከጎማው ፊት ውጣ!»

ደነገጥኩ። «ምን ሆንክ? ቆማ የለ እንዴ?»

«ውጣ ብቻ። በጎን ሁን።»

ክሪኩን ከእጄ ነጠቀኝ። ትርፍ ጎማውን እሱ ራሱ ቀየረ። እኔን ከጎማው አጠገብ አላስደረሰኝም። የተነፈሰውን ከተማው ውስጥ ካለ ጎሚስታ ወሰድነው። ጎሚስታው አሮጌዋን ዞሮ አያትና ሳቀ።

«ይቺ ገና አለች? እኔ እኮ ሙዚየም ገብታለች ብዬ ነበር።»

«አለች» አለ ሽመልስ።

«ማንሻ ናት ኣ? የዘንድሮ ሹፌር ማንሻ ስጠው፣ የእጅ ፍሬን ነው ብሎ ይስባል።»

ሽመልስ አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም። ጎሚስታው ሁለታችንን አየና ጎማውን ለጠፈ። የለቅሶ ልብሴን ያየው ያኔ ይመስለኛል። ስንሄድ «እግዜር ያጽናችሁ» አለን።

ወሊሶ ምሳ በላን። ጥብስ አዘዝን። አስተናጋጇ አንድ ሰሐን ነው ያቀረበችው፣ ሁለት ሰው አንድ ላይ ሲገባ ሌላ አይታሰብም። ሽመልስ ጠቅልሎ ወደ አፌ ዘረጋ። ድሮ ለዘሪሁንም ለእኔም ሲያጎርስ ነው የኖረው። ጭንቅላቴን አዞርኩ። ጉርሻ መመለስ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። እጁ ትንሽ ጊዜ አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ሰሐኑ ላይ መለሰው። አስተናጋጇ አይታን ነበር፤ ሒሳብ ስትቀበል ፊቴን አላየችውም።

ወልቂጤ ስንደርስ መሸብን። ቤርጎ ያዝን፣ ሁለት ክፍል። ሽመልስ አንድ ይበቃናል ብሎ ነበር፣ እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። ክፍሉ ንጹሕ ነበር። ባኞ ቤቱ ውኃ አለው። ኮልፌ እኛ ቤት ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ እዚህ ቧንቧ ከፍተህ ወዲያው ይወርዳል። እሱንም ጠረጠርኩት፣ ቀምሼ ተፋሁት። በሩን ቆለፍኩና ገፋሁት።

ግቢው ውስጥ ሽመልስ በስልክ ሲያወራ ሰማሁ። በጉራጊኛ ነው። እኔ ጉራጊኛ እሰማለሁ እንጂ መናገር ይከብደኛል። እማዬ ከእህቶቿ ጋር ስታወራ ነው የለመድኩት። ሽመልስ እንዲህ አለ፦ «ወንድሙ አብሮኝ ነው። እንዳትነግሩት።» ከዚያ ወደ በሩ ራቀና የቀረውን አልሰማሁም።

እንዳትነግሩት። በቃ፣ የፈለግሁት መልስ ተገኘ አልኩ። እማዬ ጋ ልደውል ስልኬን አንስቼ ነበር። ግን ምን እላታለሁ? አስቀመጥኩት።

ዓርብ

ከወልቂጤ ወደ እምድብር ያለው መንገድ ሽቅብ ነው። ሲወጡ ይቀዘቅዛል። ሁሉም ቦታ እንሰት ነው። ቅጠሉ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ኮልፌ ውስጥ ቆጮ የማውቀው በኮባ ተጠቅልሎ ከፒክአፕ ሲወርድ ነው። እንሰት ቆሞ፣ ነፋስ ሲያወዛውዘው ሳየው ሌላ ነገር መሰለኝ። ዘሪሁን ይህን በየሳምንቱ ያይ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ስለ ቅጠሉ አውርቶልኝ አያውቅም። ስለ መንገዱ ብቻ ነበር የሚያወራው፣ የቱ ኩርባ እንደሚያስቸግር፣ የትኛው ድልድይ ጠባብ እንደሆነ።

እምድብርን አልፈን ወደ ገጠር መንገድ ገባን። አፈሩ ቀይ ነው። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስንደርስ ሽመልስ መኪናውን ሜዳው ላይ አቆመ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ የእጅ ፍሬን ሳበ።

«አሁን ውረድና የፊት ጎማዎቹን ቆልፍ» አለኝ። «በጎን ሆነህ።»

ወረድኩ። መቆለፊያውን አዞርኩት፣ ቀጭ አለ። ይህን ሥራ አውቀዋለሁ። መኪና መንዳት ያስተማረኝ ዘሪሁን ነው፣ በዚህችው መኪና። በነዚህ ቀናት ሁሉ ያመንኩት ነገር ያ ቀጭ የሚል ድምፅ ብቻ ነው። ተመልሼ ስገባ ሽመልስ ትንሿን ማንሻ ሳባት። ገባች። ቀስ ብለን ወረድን።

«ዳገቱ ይሄ ነው?» አልኩት።

«ይሄ ነው።»

ዞሬ ከኋላችን ያለፍነውን አየሁት።

ከታች ጀፎሮ የሚሉት ሰፊ የሣር መንገድ አለ፣ ቤቶቹ በግራና በቀኝ ናቸው። መንገድ ነው ለማለት ይከብዳል፣ እንደ ሜዳ ነው። ኮልፌ ይህን የሚያህል ባዶ ቦታ ቢገኝ ባደረ ቁጥር አጥር ይወጣበት ነበር። እዚህ ማንም አልነካውም። ፖሊስ በአደራ የተወው አዲሱ ፒክአፕ ከአንድ ትልቅ ጎጆ ፊት ቆሞ ነበር። ዝናብ እንዳይመታው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና ላስቲክ አልብሰውታል።

የቤቱ ባለቤቶች እማማ ውድነሽና አባባ ገብሬ ይባላሉ። ዘሪሁን ቆጮ የሚገዛው ከነሱ ነበር። እማማ ውድነሽ ሲያዩኝ ቆሙ። ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው፣

«አንተ ነህ ናሆም? በምን ትመስለዋለህ? በጆሮ ነው የምትመስለው» አሉና አለቀሱ።

ስሜን ዘሪሁን ነግሯቸዋል። አባባ ገብሬ ላስቲኩን ሲያነሱልኝ «ዶሮ እንዳይወጣበት ጠብቄዋለሁ» አሉኝ። መኪናውን ዞሬ አየሁት። የግራ ፓራፋንጎው፣ ከፊት ጎማው በላይ ያለው ቆርቆሮ፣ ትንሽ ገባ ብሏል። መስታወቱ ደህና ነው። በሩን ከፍቼ ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ መሪውን ነካ።

ዘሪሁን ከእኔ ይረዝማል። እሱ ሲነዳ ወንበሩ ወደ ኋላ እስኪያልቅ የተገፋ ነው። ይህ ወንበር ወደ ፊት ተስቧል። ለአጭር ሰው ነው የተስተካከለው። ሽመልስ አጭር ነው።

ከመኪናው ስወርድ ሽመልስን አየሁት። አያየኝም ነበር። ባትሪውን ሊያይ ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ ብሏል። ልጮህ ነበር። አልጮህኩም። እማዬ «ሰዎቹን ጠይቅ» ነው ያለችኝ።

ዓርብ ስለሆነ ጾም ነው። እማማ ውድነሽ ቆጮ በጎመን አቀረቡ፣ በዘይት የተሠራ፣ ሚጥሚጣ ያለው። ቆጮው ገና ከእሳት እንደወረደ ነው። እኛ ጋ ከሚሸጠው ጋር አይገናኝም፤ የኛው መንገድ ላይ ያረጃል። ትንሽ በልቼ ሳቆም «ቤቴን ጠረጠርከው እንዴ?» አሉኝ እየሳቁ። አፍሬ በላሁ። ሽመልስ ባትሪውን ለማስነሳት ከአባባ ገብሬ ጋር ውጭ ነበር። ጋቢውን ከቦርሳዬ አወጣሁና ሰጠኋቸው።

«እናቴ የማን እንደሆነ ጠይቀህ መልስ ብላኝ ነው።»

እማማ ውድነሽ ጋቢውን ጭናቸው ላይ ዘረጉት። ጥለቱን ዳሰሱት። «የገብሬ ነው። እኔ ነኝ የፈተልኩት» አሉ። «አጥባዋለች?»

«አጥባዋለች።»

«ምስኪን።»

ያኔ ጠየቅኋቸው። «እማማ፣ ወንድሜ እንዴት ነው የሞተው?»

በሩን አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንዳትነግሩት ብሎ ደውሎልናል። ግን የሟች ወንድም ፊቴ ተቀምጦ ሲጠይቀኝ አልዋሽም፤ እኔም ወልጃለሁ። ጩኸት ሰምተን ሮጥን። ወንድምህ መኪናው ውስጥ አልነበረም፣ ልጄ። ከፊት ጎማው ሥር ነው ያወጣነው። መሪው ላይ የነበረው ጓደኛው ነው።»

«ገጨው?»

«እሱን አላየሁም። ያላየሁትን አልናገርም። ያየሁት ጓደኛው ጭቃውን በጥፍሩ ሲቆፍር ነው። ጥፍሩ ተነቅሎ ነበር።»

ጥፍሩን እኔም አይቼው ነበር፣ ለቅሶው ላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ። ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ያ የሐዘን ጊዜ ነው፣ ሰው ሁሉ የሆነ ነገር ተጎድቶ ነበር።

ሽመልስ ሲገባ እማማ ውድነሽ ቆጮውን ወደሱ ገፉለት። መደቡ ላይ አንጥፈውልን በአንድ ክፍል ተኛን፤ እዚህ ሁለት ክፍል ይሰጠኝ ማለት አይቻልም። እማማ ውድነሽ ያንኑ ጋቢ አምጥተው እኔን አለበሱኝ። ልከለክላቸው ፈልጌ ነበር። ግን ብርድ ነበረ፣ ጋቢውም የእማዬ ሳሙና ሽታ ነበረው።

ቅዳሜ

ሌሊቱን ዘንቦ አደረ። ጠዋት ዳገቱ ሲታይ ያብለጨልጫል።

«ጸሐይ ይንካው፣ ከሰዓት እንውጣ» አለ ሽመልስ።

«አሁን እንወጣለን» አልኩት። «አዲሱን ደግሞ እኔ ነኝ የምነዳው።»

«ናሆም፣ ተው።»

«ለምን? ምን አለው መኪናው?»

 እማማ ውድነሽ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ጫኑልን፣ ጋቢውንም አጥፈው ከሹፌሩ ወንበር አጠገብ አስቀመጡት። «ለእናትህ ነው። ልጇ የለበሰውን ትልበሰው» አሉኝ። አባባ ገብሬ መኪናውን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት፣ እንደ ፈረስ።

ሽመልስ አሮጌዋን ይዞ ቀደመ። ወርዶ ጎማዎቹን ቆለፈ፣ ገባ፣ ማንሻዋን ሳበ። እያቃሰተች ወጣች። አፋፉ ላይ አቁሟት በእግሩ ወረደና ከመንገዱ ርቆ ሣሩ ላይ ቆመ።

እኔ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቼ ጀመርኩ። ጥሩ እየሄድኩ ነበር። ዳገቱ መሐል ላይ የኋላ ጎማዎች ባዶአቸውን ዞሩ። ያኔ ነው ማዞሪያዋን ያዞርኳት። መብራቷ ብልጭ አለች። ድርግም አለች። ብልጭ። ድርግም። ነዳጅ ሰጠሁ፣ መኪናው ዳሌውን ወዘወዘ እንጂ አልሄደም። ብልጭ። ድርግም። ገብቷል? አልገባም? በማንሻ ቢሆን እጄ ይነግረኝ ነበር። እዚህ የሚነግርህ አንዲት መብራት ናት፣ እሷም አልወሰነችም። የፊት ጎማዎቹ እየዞሩ ይሁን አይሁን ከወንበሩ ላይ አይታይም። ወርጄ ብቻ ጎማውን ልየው አልኩ። አሰብኩ እንኳ ማለት አልችልም። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ እጄ በሩ መያዣ ላይ ነበር፣ በሩ ተከፍቶ አንድ እግሬ ወጥቷል።

«አትውረድ!»

ሽመልስ እየሮጠ ነበር። ተንሸራቶ በጉልበቱ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ደግሞ ወደቀ።

«አትውረድ! በማርያም አትውረድ! እሱም እንዲህ ብሎ ነው የወረደው!»

እግሬን መለስኩ። በሩን ዘጋሁት። ሽመልስ ከጎን፣ ራቅ ብሎ ቆመ። ከጉልበቱ በታች ጭቃ ሆኗል። እያለቀሰ ነበር፣ ግን የሚናገረው በሥርዓት ነው።

«ነዳጁን ተወው። ጎማውን ቀጥ አርገው። አሁን ፍሬኑን ልቀቅና ወደ ኋላ ትንከባለል። ትንሽ ብቻ። ትንሽ።»

ለቀቅሁት። መኪናው ወደ ኋላ ተንቀሳቀሰ። ከሥሬ አንድ ነገር ቋ አለ። መብራቷ ረግታ በራች።

«አሁን ቀስ ብለህ ውጣ። እኔን አትየኝ። ውጣ።»

ወጣሁ። የፊት ጎማዎቹ ጭቃውን ሲይዙት መሪው ላይ ተሰማኝ። አፋፉ ላይ ከአሮጌዋ አጠገብ አቆምኩ። ሽመልስ ደርሶ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔ ቆሜ ነው የሰማሁት።

እንዲህ ነው ያለኝ። ዘሪሁን እየነዳ ነበር። እዚያው ቦታ ተያዙ። መብራቷ አልረጋም አለች። «ይቺን ነገር አላምናትም፣ የፊቱ ጎማ ይዞር እንደሆነ ልየው» ብሎ ወረደ። ሽመልስን መሪው ላይ አስቀመጠው። ሽመልስ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ። ዘሪሁን ከግራው ጎማ አጠገብ ጎንበስ ብሎ «ስጥ!» አለው፣ ነዳጅ ስጥ ማለቱ ነው። ሰጠ። መብራቷ ያን ጊዜ ረጋች። የፊት ጎማዎቹ በአንድ ጊዜ ያዙ፣ መኪናው አፍንጫውን ወደ ግራ ወርውሮ ተንሸራተተ።

«ትሰማኛለህ?» አለኝ። «ገብቶ ነበር እኮ። መብራቷ እውነቷን ነበር።»

«መሪ ላይ እሱ ነበር አልከን።»

«አዎ።»

«ዋሸኸን።»

«ዋሸሁ። እናታችሁ አንድ ቀን ለምን ወረደ ብላ እንዳትቃጠል ብዬ ነው።» ጭቃውን ከጉልበቱ ጠረገ። «አይ። እሱም ውሸት ነው። ፈርቼ ነው። ለፖሊስ ያኔውኑ ተናግሬያለሁ። እናንተ ፊት ስቆም አቃተኝ።»

«ከትናንት ወዲያ በስልክ እንዳትነግሩት ያልካቸውስ?»

«እኔ ልነግርህ ነበር። እዚህ አምጥቼህ፣ ቦታው ላይ።»

«ታዲያ ትናንት ለምን አልነገርከኝም?»

«ትናንትም ፈራሁ።»

ይህን የሚያነብ ሰው አምነኸዋል ወይ ይለኝ ይሆናል። የሰው አፍ ብቻ ቢሆን አላምነውም ነበር። ዘሪሁን ያለውን የሰማው እሱ ብቻ ነው፣ ምስክር የለም። ግን እጄ በሩ መያዣ ላይ ነበር። ማንም ውረድ አላለኝም። ከእኛ ቤት የወጣ ሰው እዚያ ወንበር ላይ፣ ያቺን መብራት እያየ፣ ሳይወርድ አይቀርም። ይህን ሽመልስ ሊፈጥረው አይችልም።

መመለሻው ላይ እሱ በአሮጌዋ፣ እኔ በአዲሱ ሆነን ተከታትለን ሄድን። ወሊሶ ያው ምግብ ቤት ገባን። ያችው አስተናጋጅ አንድ ሰሐን አመጣች። ሽመልስ አልጠቀለለልኝም፣ እኔም አልጠቀለልኩለትም። በየራሳችን ጥግ በላን። እንደሱ ቀላል አይደለም። ሰበታ ላይ የመኪና ሰልፍ ያዘን። ከኋላው ቆሜ የጀርባ መብራቱን እያየሁ እማዬን ምን እንደምላት አሰብኩ። ቃሉ አልመጣልኝም።

ኮልፌ የደረስነው ጸሐይ ልትገባ ስትል ነው። ሽመልስ አሮጌዋን ከመንገዱ ማዶ አቁሞ አጠገቧ ቆመ። እኔ አዲሱን በራችን ላይ አቆምኩት። እማዬ የሞተሩን ድምፅ አውቃው ወጣች። ኮፈኑን በእጇ ነካችው። ከዚያ አየችኝ። ጠየቀችኝ ማለት ነው።

«መሪ ላይ የነበረው እሱ ነው» አልኳት።

ነጠላዋን ያዘች።

«ዘሪሁን ግን ወርዶ ነበር። መብራቷን አላመናትም። ጎማውን ሊያይ ወረደ።»

«ወርዶ?»

«ወርዶ።»

«ሊያይ?»

«ሊያይ፣ እማዬ።»

እጇን አፏ ላይ አደረገች።  «የአባቱ ልጅ» አለች። «ወይኔ፣ የእኔው ልጅ።»

«ዋሽቶናል ግን።»

«ሰማሁ። አልረሳውም» አለች። ጋቢውን ሰጠኋት፣ የማን እንደሆነና ምን እንደተባለ ነገርኳት። ትከሻዋ ላይ ጣለችውና መንገዱን ተሻገረች። ሽመልስ አንገቱን ደፋ።

«እዚህ ምን ታደርጋለህ?» አለችው። «ለአርባው ድንኳን የሚተክል ሰው ያስፈልገኛል። መኪናውን ቆልፈህ ግባ።»

ቆለፈ። እንደ ጥፋተኛ ልጅ እየቀደመን ወደ ግቢ ገባ። እማዬ ወደ ኋላ ቀረች። መጀመሪያ የአሮጌዋን በር በመዳፏ ገፋ አደረገችው። ከዚያ ተሻግራ መጥታ የአዲሱንም ገፋችው።